የአደን ራንች ለምትገዙ

ቴክሳስ ውስጥ ለአደንና ለዓሣ ማጥመድ የሚሆን ራንች ፍለጋ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ቅዳሜ ከዳላስ ወጥተን መንገድ ላይ ውለናል። ልጆቻችን እንደልብ የሚሮጡበት፣ ለፋሲካ በግ የምናርድበት የራሳችን ቦታ እንዲኖረን ነበር ምኞታችን። ያየሁትን ለሚከተሉን ልንገር።

ማስታወቂያው ላይ የቆመው አጋዘን ከመሬቱ ጋር አይሸጥም። በቴክሳስ ሕግ የዱር እንስሳ የሕዝብ ሀብት ነው፤ ሁለት ሜትር ተኩል አጥር ብታጥሩም የእናንተ አይሆንም። የአደን ፈቃድ ማውጣት፣ ወቅቱንና የተፈቀደውን ቁጥር መጠበቅ ግድ ነው። ፎቶውንም ልብ ብላችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ሦስት እግር ያለው በርሜል አይጠፋም። በሰዓት ተሞልቶ ጠዋትና ማታ በቆሎ የሚበትን መመገቢያ ነው። በቆሎው ሲቋረጥ አጋዘኑ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ስለዚህ የኦክ ዛፉን፣ ቁጥቋጦውንና በአጥሩ ሥር ያለውን ዱካ እዩ።

ኩሬውን በነሐሴ ሙቀት እዩት። በጸደይ ዝናብ የማይሞላ ኩሬ የለም። ከግድቡ ጀርባ ውረዱና ዙሩት፤ አካባቢው ሁሉ ደርቆ እዚያ ብቻ ሣሩ ከለመለመ፣ ጫማችሁም ከሰመጠ፣ ግድቡ ያፈሳል። ግድቡ ላይ የበቀለ ትልቅ ዛፍ ለጥላ ቢያምርም ሥሩ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ባስና ካትፊሽ በኋላም ተገዝቶ ይጨመራል፤ ግድብ ማደስ ግን ኪስ ያራቁታል።

የዱር አሳማ ዓመቱን ሙሉ እንደሚታደን እንደ ጥቅም ይነገራችኋል። ለማንበላው ለእኛ ትርፉ በሌሊት የተቆፈረ ሜዳ ነው።

መግቢያው በሰው መሬት የሚያልፍ ከሆነ መብቱ በጽሑፍ ይመዝገብ።

አበክሬ የምናገረው ስለ ማዕድን ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ሲባል ሰምተን ላደግን ሰዎች፣ የግል ካርታ ከያዝን ከላይ እስከ ታች ሁሉ የእኛ ይመስለናል። ቴክሳስ ውስጥ ግን ከሥር ያለው ነዳጅና ጋዝ ከላዩ መሬት ተነጥሎ ሊሸጥ ይችላል፤ በብዙ ቦታም ከተሸጠ ቆይቷል። የማዕድኑ ባለመብት ለሥራው የሚያስፈልገውን ያህል በመሬታችሁ የመጠቀም መብት አለው። ለአደን ብላችሁ በገዛችሁት ጫካ መሐል መንገድ ሊያወጣ፣ መቆፈሪያም ሊተክል ይችላል።

ግብሩንም ጠይቁ። በእርሻ የተገመተ መሬት ግብሩ በጣም ዝቅ ይላል። ከብት ማርባት ለማይፈልግ ሰው፣ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የዱር እንስሳ እንክብካቤ በእርሻ ቦታ ይቆጠርለታል። ሕጉ ከዘረዘራቸው 7 ሥራዎች ቢያንስ 3ቱን መሥራት አለበት፤ መሬቱም አስቀድሞ በእርሻ የተገመተ መሆን አለበት። አገልግሎቱን ብትለውጡ የ3 ዓመት የግብር ልዩነት ሊጠየቅባችሁ ይችላል።

ውል ስትዋዋሉ በትንሽ ክፍያ የሚገኘውን የኦፕሽን ጊዜ አስገቡ፤ በዚያ ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ መውጣት ትችላላችሁ። ቀኑ ሳያልፍ የታይትል ካምፓኒው፣ ማለትም የመሬቱን ባለቤትነት አጣርቶ ዋስትና የሚሰጠው ድርጅት፣ የሚሰጣችሁን ሰነድ፣ በተለይ ዋስትናው የማይሸፍናቸውን ነገሮች የሚዘረዝረውን ገጽ፣ የመሬትና የነዳጅ ሕግ ለሚያውቅ ጠበቃ አሳዩ። ሻጩ ቢያጣድፋችሁም ጠበቃው ሳያየው ክፍያውን አትጨርሱ።