ጠያቂው ይቅደም

በየሳምንቱ ዓርብ ማታ በምንመራው የመጽሐፍ ቅዱስ ውይይት የሚገኙት አማኞች ብቻ አይደሉም፤ የሚጠራጠር፣ የሚሟገት፣ ለሻይ ብቻ የሚመጣም አለ (እርሱንም እንወደዋለን)። የአመራሩን ዘዴ የቀዳነው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ነው። ፊልጶስ በሠረገላ ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ለሚያነበው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ወዲያው ስብከት አልጀመረለትም፤ ንባቡ ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው እንጂ። ጃንደረባውም ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር መልሶ ጠየቀ፤ ትምህርቱ የተነሣው ከዚያች ጥያቄ ነው።

ስለዚህ የማርቆስ ወንጌልን 16 ምዕራፎች ስናነብ መሪው ከጠያቂው አይቀድምም። ዝምታው ይከብዳል። አንድ ማታ አንድ ተማሪ፣ እናቱ እየጸለየችላት ስለ ሞተችው እኅቱ ጠየቀን። ጥቅስ የመዘዘ የለም፤ አብረነው ዝም አልን። በሚቀጥለው ዓርብ ተመልሶ መጣ፤ ጥያቄውንም እንደ ያዘ ነው።