ቪዲዮ ካሜራ ልትገዙ ነው? ስለ ኤዲቲንጉ እናውራ

ቪዲዮ ካሜራ ልግዛ ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው በዙም ነው። ስንት እጥፍ ያቀርባል? ፎር ኬ ነው ወይ? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? የተቀረጸው ኋላ በምን ተቆርጦ በምን እንደሚቀጠል የሚጠይቅ ግን ብዙም አላጋጠመኝም። የስንቱ ቤት ክርስትናና ቅልቅል ሚሞሪ ካርድ ውስጥ ተኝቶ ቀረ! ስንፍና ነው ትሉ ይሆናል፤ እኔ ግን ግማሹን ጥፋት በፋይሉ ላይ እጥላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1995 የመጣውን ሚኒ ዲቪ የምታስታውሱ አላችሁ። የተለመደው ካሴት 60 ደቂቃ ይይዛል፤ ያቺ አንድ ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ስትገለበጥ 13 ጊጋ ባይት ገደማ ትሆናለች። ለዚያን ጊዜ ሀርድ ዲስክ ጉድ ነበር። ለመገልበጥም አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ሆኖም እያንዳንዱ ምስል ራሱን ችሎ ስለሚቀመጥ፣ የትም ቦታ ብትቆርጡት ደካማ ኮምፒውተር እንኳ አይጨነቅም። ከዚያ በትንንሽ ዲስክ ላይ የሚቀርጹት መጡ፤ ለማየት ምቹ፣ ለኤዲቲንግ ፈተና። ስለ እነሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

እ.ኤ.አ. በ2006 ሶኒና ፓናሶኒክ ኤቪሲኤችዲ የተባለውን የቀረጻ ዓይነት አወጡ። ምስሉ ጠራ፣ ፋይሉም እንደ ጥራቱ አልከበደም። ዘዴው እንዲህ ነው፦ አንዱ ምስል ሙሉ ሆኖ ይቀመጥና ተከታዮቹ የተለወጠውን ብቻ ይይዛሉ። መሃል ላይ ስትቆርጡ ታዲያ ኮምፒውተሩ ጎረቤቶቹን ሁሉ እየጠራ ማስላት አለበት። ዛሬ ብዙ ስልኮች የሚቀርጹበት ኤችኢቪሲ ደግሞ በዚሁ መንገድ ርቆ ሄዷል። ላፕቶፓችሁ ዕድሜ ጠገብ ከሆነ ፎር ኬውን ተዉትና በ1080 ቅረጹ። ፎር ኬ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ፕሮክሲ፣ ማለትም ለመቁረጫ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ ይሥራ። በነፃ የሚገኘው ፕሮግራም ይበቃዋል።

ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ይዞልኝ ይምጣ ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 60። እዚያ የሚሸጡት ካሜራዎች አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 30 ወይም 60 ምስል እንዲያነሱ የተሠሩ ናቸው። ሸምበቆ የሚመስለው ፍሎረሰንት አምፖል በበራበት ሳሎን ስትቀርጹ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥላ እየተግተለተለ ይወርዳል፤ ወይም ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። በዓይን አይታይም፣ ቪዲዮው ላይ ግን ያስጠላል፤ በኤዲቲንግ ማጥፋቱም መከራ ነው። መፍትሔው ሸተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ላይ ማድረግ ነው። ርካሾቹ ካሜራዎች ይህን በእጅ ማስተካከል ስለማይፈቅዱ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሜኑው ውስጥ ሸተር የሚል ካለ ፈልጉ።

ከዙሙ ይልቅ የምሟገትለት የማይክ ቀዳዳ ነው። አያታችሁ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲመርቁ አስቡት። ካሜራው በሩ አጠገብ ነው። ካሜራው ላይ ያለው ማይክ ቀድሞ የሚሰማው የቅርቡን ነው፤ የቡናውን ሙቀጫ፣ የቀራጩን ትንፋሽ፣ ጣቱ ካሜራው ላይ ሲንሸራተት። ምርቃቱ ከሩቅ እንደ ጉምጉምታ ይሰማና «አሜን» የሚለው የቤተሰቡ ድምፅ ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ነጠላቸው ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ያን ሁሉ ታስተካክላለች። የደበዘዘ ምስል ሰው ይታገሣል፤ የማይሰማ ምርቃት ግን ምን ያደርጋል?

ስልክ አይበቃም ወይ ለምትሉ፣ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል፤ ይህን በግልጽ መናገር ይሻላል። ችግሩ ብዙ ስልኮች በሴኮንድ የሚያነሱትን ምስል ቁጥር እንደ ብርሃኑ መለዋወጣቸው ነው። ረጅም ቀረጻ አንዳንድ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ አፍና ድምፅ እየተለያየ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ሙሉ ሰርግ ለሚቀርጽ፣ ባትሪ እየቀየረ ለሚውል፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሙሽሮቹን ማቅረብ ለሚፈልግ ቪዲዮ ካሜራ አሁንም ቦታ አለው።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ሚሞሪ ካርድና ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ደቂቃ ቅረጹ፣ እዚያው ገልብጡ፣ ሦስት ቦታ ቆርጣችሁ አጫውቱት። እየተንገዳገደ ከሄደ፣ ነጋዴው «ሲለመድ ይስተካከላል» ቢላችሁም አመስግናችሁ ውጡ።