ሰሃን ማጠብ ይቻላል፣ ፊደል ማስቆጠር ግን...

ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ጎረቤቱ በየኮንዶሚኒየሙ ቢበተንም የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ጨዋታ አልቀዘቀዘም። የሰሞኑ ክርክር እንግሊዝ አገር ዲግሪ የምትማረው የሰፈራችን ልጅ ጥያቄ ነው፦ "ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆችን በክፍያ አማርኛ ላስጠና?"

አይቻልም። የብሪታንያ የተማሪ ቪዛ ለዲግሪ ተማሪ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ተቀጥሮ መሥራትን ይፈቅዳል፤ የግል ሥራን ግን ይከለክላል። ካፌ ተቀጥራ ሰሃን ብታጥብ ማንም አይነካትም፤ በራሷ ተማሪ ይዛ "ሀ ሁ" ብታስቆጥር ቪዛዋ አደጋ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ቢቀጥራት ደግሞ በዚያው 20 ሰዓት ያንኑ ፊደል ማስቆጠር ትችላለች!

"ፈረንጅ ሲጨክን!" ያሉ ነበሩ። የእኛ አገር ሕግስ? በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ የሚያገኘው ለተወሰነ የሥራ ዓይነት፣ ለ3 ዓመት፣ በየዓመቱ እየታደሰ ነው። በምህንድስና ፈቃድ መጥቶ ማታ ማታ ፒያሳ ላይ ፈረንሳይኛ ለሚያስጠና የውጭ ዜጋም ወረቀቱ መምህር አይለውም።

ለልጅቷ ያልኳት፦ እህቴ፣ ገንዘብ ከመቀበልሽ በፊት የዩኒቨርሲቲሽን የቪዛ ክፍል ጠይቂ። እውቀትሽን ማንም አልተጠራጠረም፤ የቪዛ ሕግ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ "ማን ቀጠረሽ?" ብሎ ነው።

እናንተስ ምን ትመክሯታላችሁ?