ሁለት አምፑል፣ አንድ ስቶቭ

ተከራይቶ የኖረ ሰው ወር መድረሱን የሚያውቀው በደመወዝ ብቻ አይደለም። አከራይ የመብራት ቢል ይዛ በረንዳ ላይ ስትቆምም ያውቀዋል። "ኧረ የዛሬውስ ጉድ ነው!" ካለች፣ በየክፍሉ ያለን ተከራዮች በየሆዳችን ጎረቤታችንን መጠርጠር እንጀምራለን።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ያኔ አስተማሪ ነበርኩ። በግቢው ውስጥ አራት ቤት ነን፤ ቆጣሪው ግን አንድ። ትልቁ ቤት የአከራያችን የእማማ ነው። ሰርቪሶቹ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከጨንቻ በኩል የመጣ ሸማኔ ከነሚስቱና ከሦስት ልጆቹ፣ እና እኔ ላጤው እንኖራለን።

የእማማ ሕግ ግልጽ ነበር። ካውያና ስቶቭ ክልክል ነው፤ ሒሳቡ በአምፑል ቁጥር ይካፈላል። እማማ አራት አምፑል አላቸው። ሸማኔው ሁለት አለው፤ አንዱ ክፍሉ ውስጥ፣ ሌላው ከሽመናው ጉድጓድ በላይ። ልብስ ሰፊውና እኔ አንድ አንድ። ስምንት አምፑል፣ ስምንት ድርሻ። ከዚህ በላይ ፍትሕ ከየት ይምጣ?

ምን ልደብቃችሁ፣ እኔ አልጋ ሥር ስቶቭ ነበረኝ። ሐምሌ ላይ ነጭ ጋዝ ሲወደድብኝ ገዛሁት። ጠዋት ሻይ፣ ማታ ሽሮ። በሩን ዘግቼ፣ ሬዲዮ ከፍ አድርጌ እሠራበታለሁ። "አንድ ለእናቱ የሆነ ስቶቭ ምን ያህል ይበላል?" እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

የነሐሴ ቢል ሲመጣ ግቢው ተናወጠ። እማማ ዞር ዞር ብለው አዩና ዓይናቸው ሸማኔው ላይ አረፈ። ለመስቀል የታዘዘውን ጋቢ ለማድረስ ሌሊቱን ጭምር የሚሠራው እሱ ነዋ! ለጋሞ ሰው መስቀል ማለት ደግሞ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። የተበተነው ሁሉ ወደ አገሩ ይገባል፤ ባዶ እጁን ግን አይገባም። እማማ ፈረዱ፤ "ከዛሬ ጀምሮ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የጉድጓዱ መብራት ይጠፋል።"

ያን ዕለት ማታ የሽመናው ድምፅ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጥ አለ። የኔ ሽሮ ግን ትንተከተካለች። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው!

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እርሳስ አንስቼ ሒሳቡን ሠራሁ። ባለ 60 ዋት አምፑል በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ በወር 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። የሸማኔው ሁለቱ አምፑሎች 18 መሆናቸው ነው። ቢያመሽ ቢያመሽ ደግሞ ጥቂት ይጨመርበት። የኔ ባለ 1,500 ዋት ስቶቭ በቀን ሁለት ሰዓት ሲሠራ በወር 90 ይበላል። ከአምፑሌ ጋር 99። የሸማኔውን አምስት እጥፍ እየተጠቀምኩ የምከፍለው የእሱን ግማሽ ነበር። ሕጉ በወረቀት ላይ እኩል ነው፤ የሚቆጥረው ግን የማይበላውን ነው።

ጋሞዎች ዱቡሻ የሚሉት የጉባኤ ቦታ አላቸው። ነገር የሚነገረው እዚያ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። እኛ ዱቡሻ ባይኖረን የማንጎ ዛፍ ነበረን። እሑድ ቡና ሲፈላ ሁሉም ባለበት ስቶቩን አውጥቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። እማማ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና "አንተ? መምህሩ?" አሉ። ከዚያ የከፋ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለት ወር የበላሁትን ልዩነት ከፈልኩ። የጉድጓዱ መብራትም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ቢሉ ለሁሉም እንዲታይ፣ ክፍፍሉም በአምፑል ሳይሆን በየቤቱ ባለው ዕቃ ዋትና በሚሠራበት ሰዓት እንዲሆን ተስማማን። ስቶቩም ተፈቀደ፤ የሚከፍልበት እስካለ ድረስ። ቆይቶ እማማ በየክፍሉ ትንንሽ ቆጣሪ አስገጠሙና ጭቅጭቁ ተገላገለ።

ይህን ዛሬ የማነሳው ነገሩ ስለባሰ ነው። የመብራት ታሪፋችን ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የሚጨምርበት ነው። በ2011 ዓ.ም. ማሻሻያ ሲደረግ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀመው ጭማሪ አልነካውም ነበር፤ ለድሃው ታስቦ። ከመስከረም 2017 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኗል። ነገር ግን ቆጣሪ የሚያውቀው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። አራት ድሃ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሃምሳ ሃምሳ ቢጠቀም፣ ቆጣሪው ሁለት መቶ የሚፈጅ አንድ "ሀብታም" ይመለከታል። ለድሃው የታሰበው ዋጋ ግቢው በር ላይ ይቀራል።

ውኃውም ያው ነው። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችው ከተራራው ግርጌ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው፤ የቧንቧዋም ውኃ ከዚያው ይመጣል። ግቢ ውስጥ ግን በጀሪካን እንጣላለን። ውኃ በክፍል ከተካፈለ አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ላጤውን ይበድላል። በሰው ቁጥር ከተካፈለ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ልብስ የሚያጥበው ያተርፋል። መፍትሔው ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ይሁን ብሏልና፣ ቢሉን ማን እንደሚያሳይ፣ በምን እንደሚካፈል፣ የበረንዳውን መብራት ማን እንደሚከፍል አብሮ ቢጻፍ ምናለ? ሲከፋም ማብሪያ ማጥፊያው የአከራይ አለንጋ ባይሆን?

አንድ ነገር ግን በየትኛውም ቆጣሪ አልተቆጠረልኝም። ያን እሑድ ሸማኔው አልተቆጣኝም። ስኒውን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ፤ "መምህር፣ እኔ እኮ ልጄ መብራት ሳያጠፋ እያደረ መስሎኝ ነበር" አለኝ። "ገርፌዋለሁ።"

ልጁ እዚያው፣ ከማንጎው ሥር፣ ፈንዲሻ እየበላ ነበር።