ስማቸውን ጻፊልኝ

የእናቴ ልጅ፣

የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? የላክሽልኝን ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

ቅዳሜ ዕለት እዚህ ሃምቡርግ የድሮውን ወደብ በእግር ከሚጎበኙ ሰዎች ጋር ሄድኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በባቡር አጠገቡ ሳልፍ ኖሬ፣ አንድ ቀን ወርጄ አላየሁትም። ሽፓይሸርሽታት ይሉታል፤ የመጋዘን ከተማ ማለት ነው። ቀይ የጡብ ሕንፃ ተያይዞ ይሄዳል፤ ባንድ በኩሉ መንገድ፣ በሌላው በኩሉ ቦይ። ጣሪያው ሥር መንጠቆ አለ፤ ጆንያውን ከጀልባ ላይ ወደ ላይ የሚስቡት በሱ ነበር።

መሥራት የጀመሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1883 ነው። ቦታው ባዶ አልነበረም። ለመጋዘኖቹ ሲባል ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተነሥቷል። አስጎብኚዋ ይህን ቶሎ ብላ አለፈችው፤ የኔ እግር ግን አልንቀሳቀስ አለ። እማዬ የፈረሰውን ቤት ቁልፍ እስከ ዛሬ ከመቀነቷ አለመፍታቷ ትዝ አለኝ። አታስፈቻት፣ እባክሽ። ተያት ትያዘው።

ትንሽ እንደሄድን ቡና ሸተተኝ። አንዱ መጋዘን ውስጥ ዛሬም ቡና ይቆላል። አስጎብኚዋ እዚያው ቆማ አንድ የድሮ ፎቶ ከቦርሳዋ አወጣች። ሴቶች ናቸው፤ ረጅም ጠረጴዛ ከበው፣ ፊታቸው ቡና ተከምሮ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይለቅማሉ። አንዷ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ አንዲት ፍሬ ይዛለች። ልክ እንደ እማዬ። ያ አያያዝ ትዝ ይልሻል? ሰፌዱን አንዴ ነቅነቅ አድርጋ፣ የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ጠጠሩን እያየች ሳይሆን እየዳሰሰች የምታወጣው? ማታ ስትገባ ቀሚሷ ላይ የነበረው የገለባ አቧራስ?

አልቻልኩም፤ አለቀስኩ። ጀርመን እኮ ከቡናችን ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ ናት። እሷ የለቀመችው እዚህ ደርሶ ይሆናል።

አሁን የምልሽን በክፉ አትይብኝ፣ የኔ ዓለም። ለባልሽ ቤተሰቦች እማዬ ነጋዴ ነበረች ማለትሽን ሰምቻለሁ። ለምን እንዳልሽው ይገባኛል። ግን ያሳደገችን ቡና ለቅማ ነው። እዚህ አገር የለቃሚዎቹን ፎቶ በክብር ይዘው ለእንግዳ ያሳያሉ። አትደብቂያት።

ከዚያ ወደ አዲሱ ሰፈር፣ ወደ ሃፈንሲቲ ተሻገርን። ኮንቴይነር መጥቶ የድሮው ወደብ ሥራ ሲፈታ፣ ቦታው ላይ መኖሪያ ቤትና ቢሮ ሠሩበት። በ2017 የተከፈተው ትልቁ የሙዚቃ አዳራሽ ካካዎ፣ ሻይና ትምባሆ ይከማችበት በነበረ መጋዘን ግድግዳ ላይ ቆሟል። ያምራል። እኔ ግን ልቤ የቀረው እዚያ አይደለም።

እዚያው ሰፈር ሎዜፓርክ የሚባል መናፈሻ አለ። ልጆች ይሯሯጡበታል። ድሮ የባቡር ጣቢያ ነበር። ከ1940 እስከ 1945 ከ8,000 በላይ አይሁዳውያን፣ ሲንቲና ሮማዎች ከዚያ እየተጫኑ ወደ ጌቶና ወደ ማጎሪያ ካምፕ ተወስደዋል። ዛሬ ስማቸው ተጽፎ ቆሟል። ሰፈሩን ከመሬቱ ጀምረው አዲስ ሲሠሩ ይህችን ቦታ አልደፈኗትም። የማላውቀውን ሰው ስም አንድ በአንድ አነበብኩ። ቡድኑ ጥሎኝ ሄደ።

የኛ መከራ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፤ እግዜር ይጠብቀን። ግን ማታ ተኝቼ አሰብኩት። ከእማዬ ጋር ለለቀማ ስንት ሴቶች ይቀመጡ ነበር? በረኛው ሲፈትሻቸው ተያይዘው የሚስቁት? እኔ ያንዷንም ሙሉ ስም አላውቅም። አንቺስ?

እህቴ፣ ዓይኗ እየደከመ ነው፤ ነገ ደግሞ የሚሆነው አይታወቅም። እሑድ ቡና አፍዪና አጠገቧ ቁጭ በይ። አታጣድፊያት። ማን ከጎኗ ትቀመጥ እንደነበር፣ ማን ልጇን አዝላ ትመጣ እንደነበር ጠይቂያት። ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፊልኝ። ድምፅዋንም በስልክሽ ቅጂው።

ሰፌዱን በረንዳ ላይ አውጥተሽዋል አሉ። ዝናብ እንዳይመታው መልሰሽ አስገቢው። እማዬ ይዛው አንድ ፎቶ አንሺልኝ፤ ፊቷ ብቻ ሳይሆን እጇም ይታይ። አስጎብኚዋ ማየት እፈልጋለሁ ብላኛለች፤ የፊታችን ወር ተመልሼ እሄዳለሁ።

ወንድምሽ