ሰውን ስለ ማክበር

ልጆቼ ሆይ፤ ጡረታ የወጣ ሰው የሠራውን ብቻ ሳይሆን ያልሠራውንም ይቈጥራል።

የደቡብ አፍሪካው ዴስሞንድ ቱቱ እንደ እኔ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 የጥቁር ልጆችን ትምህርት ዝቅ የሚያደርግ ሕግ ስለ ወጣ፣ ኋላ ማስተማሩን ትተው ቄስ ሆኑ። በ1984 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1986 የኬፕ ታውን ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። በ1996 ከዚህ ሹመት በጡረታ ሲሰናበቱም የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽንን ይመሩ ስለ ነበር ሥራቸው አላበቃም። ያረፉት በ2021 ነው።

በልጅነታቸው ትሬቨር ሀድልስተን የተባሉ ነጭ ቄስ፣ የሰው ቤት ሠራተኛ ለነበሩት እናታቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው እጅ ሲነሡ አይተው እንደ ተደነቁ ራሳቸው ተናግረዋል።

እኔ ግን ሰው ሁሉ የእግዚአብሔር አምሳል እንደ ሆነ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ሳለሁ፣ «የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው» ተብሎ ጓደኞቹ የተጸየፉትን ተማሪ፣ ጠብ እንዳይነሣ ብዬ ለብቻው ከኋላ አስቀመጥሁት። ልጁ ምንም ሳይናገር ደብተሩን ይዞ ሄደ። ጠብም አልተነሣ፤ ሰላም የመሰለኝ ግን የራሴ ፍርሃት ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ልጁ ትምህርቱን ተወ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ታላላቆችን በጭብጨባ ብቻ አናክብራቸው። ማንም አጠገቡ የማይቀመጠው ልጅ ካለ፣ እናንተ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።