የዘገየው ፋይል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፍላችሁ የራሴን በደል ልነግራችሁ ነው። ቀን በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የካሳ ክፍል እሠራለሁ፤ ማታ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ሥራዬ የተጎዳውን መኪና አይቶ ከትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ጋር ማመሳከር፣ የሚጠገነውን ከሚቀየረው መለየት፣ የጋራዦችን ዋጋ አወዳድሮም ሊከፈል የሚገባውን ካሳ ማቅረብ ነው።

ስቀጠር ደመወዜ ለቤት ኪራይና ለትምህርት ክፍያ ይበቃኝ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ሲንር በየፋይሉ አያለሁ፤ የእኔ ደመወዝ ግን ባለበት ቆመ። ቀጥሎም የትራንስፖርት አበላችን ተቀነሰ፤ ቤተሰብን ይጨምር የነበረው የሕክምና ሽፋን ለሠራተኛው ብቻ ሆነ።

አንድ ቀን የጋራዥ ባለቤት ጠጋ ብሎ፦ «ወንድሜ፣ ደመወዝህን አውቃለሁ። የሚጠገነውን በር ይቀየር ብለህ ጻፍልኝ፤ ልዩነቱን እንካፈላለን» አለኝ። እምቢ አልሁ። እንደዚያ ፈሪሳዊም ራሴን ከሌሎች ለይቼ በልቤ አመሰገንሁ።

በዚያው ሳምንት የእኛ ደንበኛ ሚኒባሳቸውን የገጨባቸው አንድ አረጋዊ መጡ። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስን አስገዳጅ ያደረገው እንደ እርሳቸው ያለ ተጎጂ ያለ ካሳ እንዳይቀር ነው። ሰነዳቸው የተሟላ ነበር። እኔ ግን «ለዚህ ደመወዝ ይህን ያህል አልደክምም» ብዬ ፋይሉን ከሌሎች ሥር አኖርሁት። በዐሥረኛው ቀን ተመልሰው፦ «ልጄ፣ እንጀራዬ እኮ እሷ መኪና ናት። ከቆመች ወዲህ የቤቴን ወጪ ተበድሬ ነው የምሸፍነው» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ያም ይበልጥ አሳፈረኝ።

እጄ ጉቦ አልተቀበለም። ነገር ግን የድካሜ ዋጋ ተያዘብኝ እያልሁ የእርሳቸውን እንጀራ ይዤባቸው ነበር። የተበደልሁትን የበደለኝን ሳይሆን አቅም የሌላቸውን ሰው አስከፈልሁ።

መጥምቁ ዮሐንስ ወደ እርሱ የመጡትን ቀራጮች ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ከታዘዘላቸው በላይ እንዳይወስዱ ነገራቸው፤ ጭፍሮችንም በደመወዛቸው እንዲረኩ መከራቸው። ሐዋርያው ያዕቆብ ደግሞ የሠራተኛውን ዋጋ የሚያስቀሩትን ይገሥጻል። ይህን ተግሣጽ ሁልጊዜ ለአሠሪዎች ብቻ የተጻፈ አድርጌ አነብበው ነበር። ለካስ በእኔም ጠረጴዛ ላይ የሰው ዋጋ ተቀምጦ ኖሯል።

ፋይሉን በዚያው ዕለት አጠናቅቄ አቀረብሁ፤ አባታችንንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ከባልደረቦቼ ጋር ስለ ደመወዛችንና ስለ ጥቅማ ጥቅማችን ለኃላፊዎች በጽሑፍ አመልክተናል። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንም፤ መጠየቃችንን ግን አልተውንም።

እናንተም በባንክ መስኮት፣ በሕክምና ክፍል ወይም በሰሌዳ ፊት የምታገለግሉ፣ ዋጋችሁ ሲያንስ መብታችሁን ከሚከፍላችሁ ጠይቁ፤ ፊታችሁ ከቆመው ሰው ግን አታጉድሉበት። ነገ ወደ ሥራ ስትገቡ አስቀድማችሁ ከሥር የተቀመጠውን ፋይል አውጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።